መብራት ሲመጣ ማን ቀድሞ ይነሣል

አምቦ በሠራሁባቸው ዓመታት ሥራዬ ምን እንደሆነ ለእናቴ አስረድቼ አልጨረስኩም። የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ ስላት «ትጽፊያለሽ?» ትለኛለች። አልጽፍም፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያሉት ፕሮግራሞች በየተራቸው መነሣታቸውን እከታተላለሁ አልኳት አንድ ቀን። «በራሳቸው አይነሡም?» አለች። አይነሡም ነበር። እኔ የተቀጠርኩትም ለዚያ ነው።

መሥሪያ ቤታችን በምዕራብ ሸዋ የከብት ክትባት መዝገብ የሚይዝ አነስተኛ ፕሮጀክት ነበር። ዋናው ቢሮ አምቦ፣ ቅርንጫፎቹ ባኮና ሸነን። በሦስቱም ቦታ አንድ አንድ የክትባት ፍሪጅና አንድ አንድ ኮምፒውተር አለ። ኮምፒውተሩ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛው የማን ላም መቼ ምን እንደተከተበች መመዝገብ ነው። ሁለተኛው ከፍሪጁ በተዘረጋ ሽቦ በየዐሥር ደቂቃው የፍሪጁን ሙቀት ማንበብ ነው። የሙቀቱ ንባብ ከተቋረጠ መድኃኒቱ ይጠረጠራል፤ የተጠረጠረ መድኃኒት ይጣላል። ሁለቱም ፕሮግራሞች ደግሞ ዳታቤዝ የሚባለው ሦስተኛው ፕሮግራም ካልተነሣላቸው አይሠሩም።

ሦስቱም ኮምፒውተሮች ሊኑክስ ነበሩ፤ ግን የተለያየ ሊኑክስ። የአምቦው ኡቡንቱ ነው፤ የጫንኩት እኔ ነኝ። የሸነኑ የቆየ ዴቢያን ነው፤ እሱንም የጫንኩት እኔ ነኝ፤ ያኔ እጄ ላይ የነበረው ሲዲ እሱ ስለነበረ። የባኮው ስላክዌር ነው፤ እኔ ከመቀጠሬ በፊት መጥቶ የሄደ አንድ የውጭ አገር በጎ ፈቃደኛ የጫነው።

ማንኛውም ሊኑክስ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሣ አንድ ፕሮግራም አለ። ኢኒት ይሉታል፤ ቁጥሩም አንድ ነው። የእሱ ሥራ ሌሎቹን መቀስቀስ ነው። ማንን አስቀድሞ ማንን አስከትሎ እንደሚቀሰቅስ ግን በየዓይነቱ ይለያያል። በዚህ ጉዳይ ኢንተርኔት ላይ የሚሰዳደቡ ሰዎች ነበሩ። እኔ ገጹ የሚከፈትልኝ ኔትወርኩ ሲፈቅድ ብቻ ስለነበር ብዙ ጊዜ የሚደርሰኝ መልሱ ነው፤ የመጀመሪያውን ስድብ አላየሁትም።

ኃላፊያችን የእንስሳት ሐኪም ነበሩ፤ ሥራ የሚወዱ፣ ወጥነትን ደግሞ ከሥራም አብልጠው የሚወዱ። በሦስቱም ቢሮ የፋይሉ ሽፋን ሰማያዊ፣ የሰዓት ፊርማው መስመር ቀይ እንዲሆን ያደረጉት እሳቸው ናቸው። አንድ ጠዋት አስጠሩኝ።

«ከሸነን ሁልጊዜ መዝገቡ ሞተ እያሉ ይደውላሉ፤ ከባኮ ተደውሎ አያውቅም። ለምንድነው?»

«አነሣሳቸው ስለሚለያይ ነው።»

«ለምን ይለያያል? ሦስቱንም አወዳድረሽ አቅርቢ። ሁለት ገጽ።»

«የሚለያዩበትን ነው ወይስ የትኛው እንደሚሻል?»

«ሁለቱንም። ሁለት ገጽ።»

ከሸነን የሚደውሉት መዝገብ ያዥዋ ነበሩ። በእድሜ ሃያ ዓመት ያህል ይበልጡኛል፤ አዴ እላቸዋለሁ፣ እናቴ እንደማለት፤ ከዚያ በፊት ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሠርተዋል፤ እሑድ እሑድ በጴንጤ ቤተ ክርስቲያናቸው ማስታወቂያ የሚያነቡት እሳቸው ናቸው። ስልክ ላይም ድምፃቸው ማስታወቂያ የሚያነብ ሰው ድምፅ ነበር። «መብራት መጥቷል። ኮምፒውተሩ በርቷል። መዝገቡ ሞቷል።» እኔ ትእዛዙን ፊደል በፊደል እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው እየደገሙ ይጽፋሉ። «ኤስ። ቲ። ኤ። አር። ቲ። ተነሣ። ገለቶሚ።» አመስግነው ይዘጋሉ። በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ ክረምት ላይ አምስት ጊዜ። ኃላፊው ሪፖርቱን ባዘዙኝ ጊዜ ግን ከወር በላይ አልደወሉም ነበር። የሸነን መብራት ተሻሽሎ ይሆናል ብዬ በልቤ ደስ ብሎኝ ነበር። ለኃላፊው አልነገርኳቸውም፤ ደስታው ከሁለት ገጽ ውጪ ነበር።

መጀመሪያ ባኮ ሄድኩ። ጌዶን አልፎ ወደ ኢጃጂ ቁልቁል ሲወረድ ሹራብ ይወልቃል፤ ባኮ ሲደረስ ደግሞ ሹራብ ለምን እንደተያዘ ይረሳል። ቢሮው የጭነት መኪኖች የሚቆሙበት ዋናው መንገድ ዳር ነው። ኮምፒውተሩን የሚያበሩትና የሚያጠፉት መጋዘን ያዡ ነበሩ፤ ስድሳ የተጠጉ፣ ጄኔሬተሩም የሚታዘዝላቸው ሰውዬ። ሁላችንም ኦቦ እንላቸዋለን፤ አቶ እንደማለት ነው።

«አከም ጅርታ፣ ኢንተለ ኮ» አሉኝ። እንዴት ነሽ ልጄ ማለታቸው ነው። የመጣሁበትን ስነግራቸው ፊታቸው ፈካ። «የእኔ ማሽን ታሞ አያውቅም» አሉ።

እንዴት እንደሚያበሩት ጠየቅኳቸው።

«መብራት ሲመጣ ወዲያው አላበራም። ሄዶ መምጣት ልማዱ ነው። ሁለተኛ እስኪሄድና እስኪመጣ እጠብቃለሁ። ከዚያ እጫነዋለሁ። አረንጓዴው ይበራል። እኔም ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ።»

የኮምፒውተሩ ስክሪን ከተቃጠለ ቆይቷል። ላፕቶፔን በኬብል አገናኝቼ ገባሁ። በጎ ፈቃደኛው የጻፈው የማስነሻ ፋይል አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም። ከላይ ወደ ታች ይነበባል፦ ዳታቤዙን አስነሣ፤ አንድ ደቂቃ ተኛ፤ መዝገቡን አስነሣ፤ አንድ ደቂቃ ተኛ፤ ሙቀት አንባቢውን አስነሣ። በቃ። ከ«ተኛ» ጎን ሰውዬው በእንግሊዝኛ አንድ ማስታወሻ ጽፏል፤ ይህ መስመር ለምን እንደሚያስፈልግ አላውቅም፣ ሲወጣ ግን አይሠራም ይላል። እንደዚህ ቅን ማስታወሻ በኮምፒውተር ፋይል ውስጥ ከዚያ በኋላ አላየሁም። እኔ ሸነን ላይ የደከምኩበትን እሱ በመተኛት ፈትቶታል። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ «ቀላል፣ ግልጽ፣ አስተማማኝ» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ የሙቀቱን ንባብ ከፈትኩ። የመጨረሻው መስመር ከዐሥራ አንድ ቀን በፊት የተጻፈ ነበር።

መጀመሪያ ሰዓቱ የተሳሳተ መሰለኝ። አልተሳሳተም። ፕሮግራሙ ከዐሥራ አንድ ቀን በፊት ከሰዓት በኋላ ወድቋል፤ ሽቦው ተነካክቶ ይሆናል፣ አላወቅኩም። ይህ አሠራር አንድ ጊዜ ይቀሰቅሳል እንጂ ከዚያ በኋላ ዞሮ አያይም። የወደቀ ወድቆ ይቀራል። በእነዚያ ዐሥራ አንድ ቀናት ባኮ ላይ መብራት ስላልሄደ ኮምፒውተሩ እንደ አዲስ የሚነሣበት ምክንያት አልነበረም። መብራት ባለመሄዱ የደረሰ ጉዳት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ለኦቦ ነገርኳቸው።

«አረንጓዴው ይበራል እኮ» አሉ።

«እሱ የኮምፒውተሩ መብራት ነው፤ የፕሮግራሙ አይደለም።»

መብራቷን ጥቂት አዩዋት። «የፕሮግራሙስ መብራት የትኛው ነው?»

«የለውም።»

«ታዲያ መብራት ከሌለው እኔ በምን ልወቅ?»

ጥያቄውን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ኋላ ሪፖርቱ ውስጥ አስገባሁት፤ ከሪፖርቱ ሁሉ ደህናው ዓረፍተ ነገር እሱ ነበር፤ ኃላፊው ሰረዙት። ፕሮግራሙን አስነሣሁ፤ ፍሪጁ ውስጥ የነበሩት ብልቃጦች ተለይተው ምልክት ተደረገባቸው። ኦቦ እስከ መናኸሪያው ሸኙኝ።

አምቦ ስመለስ የጉዞ ሪፖርት ማስገባት ግዴታ ነው። «በባኮ ቅርንጫፍ የሙቀት ንባቡ ለዐሥራ አንድ ቀን ተቋርጦ ተገኝቷል» ብዬ ጻፍኩ። ማን እንዳቋረጠው አልጻፍኩም፤ ማንም አላቋረጠውምና። እኛ ቢሮ ግን ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር ባለቤት ሳይፈለግለት አያድርም። በሳምንቱ ለመጋዘን ያዡ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ወጣ። «በቸልተኝነት» ይላል። ግልባጭ ለእኔ፣ ግልባጭ ለሸነን።

ኃላፊው ጋ ገባሁ።

«ኦቦ ማወቅ የሚችሉበት መንገድ አልነበረም።»

«ኃላፊነቱ የማን ነው ታዲያ?»

«የኢኒቱ።»

«ኢኒት ማን ነው?»

«ፕሮግራም ነው።»

«ለፕሮግራም ደብዳቤ አይጻፍም» አሉ። ሊያሾፉ አልነበረም፤ መመሪያውን እየነገሩኝ ነበር። ወጣሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሸነን ሄድኩ። ከጉደር ተገንጥሎ ወደ ደቡብ የሚወስደው መንገድ ያን ጊዜ ጭቃ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ወርደን ገፋን። መዝገብ ያዥዋ ጫማዬን የምጠርግበት ጨርቅ አቀረቡልኝና ወንበር ሳቡልኝ።

«አዴ፣ ምነው መደወል ተዉ?»

«አልሞተም። ምን ብዬ ልደውል?»

«መብራቱ ተሻሽሎ ነው?»

«ትናንት አራት ጊዜ ሄዷል።»

ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጥኩ። በዚያ የቆየ ዴቢያን ፕሮግራሞቹ የሚነሡት በቁጥር ነው። በአንድ ማህደር ውስጥ የየፕሮግራሙ ስም ከነቁጥሩ ተደርድሯል፤ ኢኒቱ ከትንሹ ጀምሮ ወደ ትልቁ አንድ በአንድ ይቀሰቅሳል። እኔ ስጭነው ለመዝገቡ ዐሥራ አምስት ቁጥር ሰጥቼው ነበር። ማህደሩን ስከፍት ዐሥራ አምስት የለም። መዝገቡ ዘጠና ሆኗል።

ሰው የገባብን መሰለኝ። ሳልናገር የግማሽ ቀን ምርመራ አደረግሁ። ማን ገባ፣ ከየት ገባ፣ ሌላ ምን ነካ። ምንም አላገኘሁም። መዝገብ ያዥዋ አጠገቤ የገበሬዎችን ካርድ በቀበሌ በቀበሌ ይለያሉ። በመጨረሻ ሳላስበው ጮክ ብዬ «ይህን ማን ነካው?» አልኩ።

«እኔ» አሉ፤ ካርዶቹን አሰልፈው ጨርሰው ነው ቀና ያሉት። መሳቢያቸውን ከፍተው የተማሪ ደብተር አወጡ።

ኮምፒውተሩ ሲነሣ ስክሪኑ ላይ እየወጡ የሚያልፉትን መስመሮች ገልብጠዋቸዋል። በአንድ ጊዜ አይያዝም፤ ስለዚህ አንድ መብራት በሄደ ቁጥር ሁለት ሦስት መስመር ነው የሚይዙት። እንግሊዝኛውን ፊደል በፊደል፣ ጎኑ ላይ በኦሮምኛ ዱራ እና ቦዳ እያሉ፤ በፊት እና በኋላ ማለት ነው። ሁለት ወር ገደማ ፈጅቶባቸዋል። ሸነን ስለሆነ እንጂ ሌላ ቦታ ቢሆን ዓመት ይፈጅ ነበር።

«እዪ» አሉኝ በእስክርቢቶ እያመለከቱ። «መዝገቡ የሚነሣው እዚህ ነው። ዳታቤዙ የሚነሣው እዚህ ነው። ስለዚህ መዝገቡ ቀድሞ ሄዶ የዳታቤዙን በር ያንኳኳል። ሰው የለም። ተመልሶ ይሞታል። ከዚያ ዳታቤዙ ይነሣል፤ የሚፈልገው የለም። ከዚያ እኔ እደውላለሁ።»

ትክክል ነበር። ዓመት ከመንፈቅ ያላየሁትን ነው በአምስት ዓረፍተ ነገር የነገሩኝ።

«ስሙን መቀየር እንዴት አወቁ?»

«አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ፤ በስልክ። የሐምሌን ፋይል የነሐሴ ያደረግን ጊዜ።» ገጹን ገለበጡት። ትእዛዙ ተጽፏል፤ ከሥሩ ተሰምሮበታል። «ዐሥራ አምስት ቁጥርን ማን ሰጠው?»

«እኔ።»

«ለምን?»

«ዋናው ፕሮግራም ስለሆነ ቀድሞ ይነሣ ብዬ።»

«በእኛ አገር» አሉ፣ «ዋናው ሰው ስብሰባ ቀድሞ መጥቶ ያውቃል?»

ዘጠና ያደረጉት ዳታቤዙ በደንብ እስኪነቃ እንዲርቀው ብለው ነው። ዳታቤዙ መብራት ድንገት ከሄደበት ሲነሣ ቶሎ እንደማይነቃም ከደብተራቸው አይተዋል። የምጨምረው አልነበረኝም። አንድ ጊዜ አጥፍቼ አበራሁት። ሁሉም ተነሣ።

ልወጣ ስል ደብተሩን ወደ መሳቢያው እየመለሱ «የባኮው ደብዳቤ ግልባጭ ደርሶናል» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«ይህን ትጽፊዋለሽ?»

«ጥፋት አይደለም እኮ፣ አዴ።»

«ጥፋት ነው አላልኩም። ትጽፊዋለሽ ወይ ነው ያልኩት።»

እስከ ጉደር ድረስ ዓረፍተ ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ ሄድኩ። እውነቱን ብጽፈው ኃላፊው የሚያዩት አንድ ነገር ነው፦ ያልተፈቀደለት ሠራተኛ የሲስተም ፋይል ለውጧል። ኦቦ እስከ መናኸሪያው የሸኙኝ ትዝ አለኝ። በመጨረሻ «በሸነን ቅርንጫፍ የአነሣስ ቅደም ተከተሉ በባለሙያ ተስተካክሏል» ብዬ ጻፍኩ። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ባለሙያ የሚለው ማንም ሊሆን ይችላል። ቢሮው ውስጥ በዚያ የሥራ መደብ ያለሁት እኔ ብቻ መሆኔን አልቆጠርኩትም።

ማወዳደሪያውን በሁለት ገጽ አቀረብኩ። ባኮ፦ በመጠበቅ ያስነሣል፤ ማንም ያነበዋል፤ የወደቀ ግን አይነሣም። ሸነን፦ በቁጥር ያስነሣል፤ ቁጥሩ ተራን ያውቃል፣ ማን ማንን እንደሚፈልግ ግን አያውቅም። አምቦ፦ ኡቡንቱ አፕስታርት በሚባል አሠራር ነው የሚሄደው፤ አንዱ ሲነሣ ወሬው ይሰማል፣ ወሬውን የሚጠብቀው ይነሣል፤ የወደቀውንም እንዲያነሣ ማዘዝ ይቻላል፤ ሆኖም ወሬው ካልተሰማ የሚጠብቀው ዝም ብሎ ይጠብቃል። ከዚያ በአንድ አንቀጽ ሲስተምዲ ስለሚባል አዲስ አሠራር ጨመርኩ። ፌዶራ በሚባል ሌላ ሊኑክስ ሲዲ ሞክሬው ነበር። በእሱ ዘንድ እያንዳንዱ ፕሮግራም ማንን እንደሚፈልግና ማንን እንደሚከተል በገዛ ወረቀቱ ይጽፋል፤ ማንንም የማይጠብቁት ባንድ ላይ ይነሣሉ፤ የወደቀ ይነሣል፤ በሕይወት አለ ወይ ተብሎ ሲጠየቅም ይመልሳል። ለሚዛን ያህል፣ ብዙ ባለሙያዎች ሁሉን ነገር ለብቻው ጠቅልሎ ይይዛል እያሉ እንደሚያማርሩበት ጻፍኩ።

ኃላፊው ይህን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ለእኛ የሚሆነው እሱ ነው» አሉ።

በወሩ መጨረሻ የሩብ ዓመቱ ስብሰባ አምቦ ላይ ተደረገ። የቅርንጫፍ ሠራተኞች ሁሉ መጡ። ከአጀንዳው አራተኛው «የምስጋና ደብዳቤ» ይላል፤ የማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ኃላፊው ተነሥተው አነበቡት። የሸነን ቅርንጫፍን የቆየ ችግር በራሷ ተነሣሽነትና በከፍተኛ ሙያዊ ብቃት ስለፈታች ይላል። ስሜ ተጠራ።

ተነሥቼ ሄድኩ። መሄድ አልነበረብኝም፤ ግን ስም ሲጠራ እግር በራሱ ይሄዳል። ደብዳቤውን በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ዞር ስል መዝገብ ያዥዋ በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጠዋል፤ ቀጥ ብለው፣ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ያጨበጭባሉ። ከሁሉም ሰው ጋር ጀምረው ከሁሉም ሰው ጋር አቆሙ። ኦቦ ከኋላ ነበሩ። አላጨበጨቡም፤ ግን ቆባቸውን ይዘው ስለነበር ይሆናል።

ምሳ ላይ መዝገብ ያዥዋ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«አዴ፣ ስምዎን ያልጻፍኩት እንደ ኦቦ ማስጠንቀቂያ እንዳይደርስዎት ብዬ ነው።»

«ገብቶኛል።»

«ምስጋና ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።»

«እኔም አላሰብኩም» አሉ። ትንሽ ጎረሱ። «ማስጠንቀቂያ ቢሆን ኖሮ ፈልጎ እኔ ጋ ይደርስ ነበር። ምስጋና ሲሆን አንቺ ጋ ደረሰ። አልተቆጣሁም። እንዲያው መንገዱን እያየሁት ነው።» ከዚያ «ብዪ፣ ይቀዘቅዛል» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ደብዳቤውን ይዤ ኃላፊው ጋ ገባሁና እንደሆነው አድርጌ ነገርኳቸው፤ ደብተሩን፣ ዱራና ቦዳውን፣ ዘጠና ቁጥርን።

«ያለ ፈቃድ የሲስተም ፋይል ለውጠዋል ማለት ነው» አሉ።

«አስተካክለዋል ማለት ነው።»

«ያለ ፈቃድ።»

«እኔም ዐሥራ አምስት ስሰጠው ፈቃድ አልጠየቅኩም።»

«ዐሥራ አምስቱ ስህተት ነበር?»

«ነበር። ዓመት ከመንፈቅ።»

ይህን አላሰቡትም። መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉት፤ መልሰው አጠለቁት። ጨካኝ ሰው አልነበሩም፤ ነገር በቦታው ካልተቀመጠ የሚጨነቁ ሰው ነበሩ፤ እኔ ደግሞ ነገሩን በሐሰት ቦታው ላይ አስቀምጬላቸው ነበር።

«የምስጋና ደብዳቤ የሚሰረዝበት መመሪያ የለም» አሉ።

«የማስጠንቀቂያስ?»

«እሱ አለው። አዲስ ማስረጃ ሲቀርብ።»

ለመዝገብ ያዥዋ በዚያው ሳምንት ደብዳቤ ተጻፈላቸው። የምስጋና አይደለም፤ የፈቃድ ነው። በቅርንጫፋቸው የፕሮግራሞችን የአነሣስ ቅደም ተከተል እንዲያስተካክሉ ተፈቅዶላቸዋል ይላል። ቀኑ ካስተካከሉት ከሁለት ወር በኋላ ነው። እኔ ደግሞ ለቅርንጫፎቹ ሁሉ በስሜ አንድ ማስታወሻ በተንኩ፦ የሸነኑን ችግር ያገኙትም የፈቱትም መዝገብ ያዥዋ መሆናቸውን፣ ችግሩን የፈጠርኩት እኔ መሆኔን። ኃላፊው ማስታወሻውን አልከለከሉም፤ «ችግር» የሚለውን «ክፍተት» አደረጉት።

ኃላፊው በሦስቱም ቢሮ እንዲጫን ያዘዙትን ፌዶራ መጀመሪያ የጫንኩት ሸነን ነው። በዚህ ጊዜ የጻፉት እሳቸው ናቸው፤ እኔ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የመዝገቡ ወረቀት ስምንት መስመር ብትሆን ነው።

«ቁጥሩ የት አለ?»

«ቁጥር የለም። ማንን እንደሚከተል በስም ይጻፋል። እዚህ ጋ፤ አፍተር የሚለው ላይ።»

«አፍተር ማለት ቦዳ?»

«ቦዳ።»

የዳታቤዙን ስም ጻፉ። «መከተሉን ጻፍኩ። ካለሱ እንደማይኖርስ?»

«እሱ ሌላ መስመር ነው። መከተልና መፈለግ ለየብቻ ነው የሚጻፈው።»

«ለየብቻ» አሉ፤ ደስ ያላቸው መሰሉ፤ ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም።

ሶኬቱን ራሳቸው ነቅለው ራሳቸው ሰኩት። ሁሉም ተነሣ፤ ግን ስክሪኑ ላይ መስመሮቹ እየተቀዳደሙ አንድም ሳይነበብ አለፉ። እስክርቢቷቸውን ይዘው ቀሩ።

«ምን እንደተነሣ አላየሁም» አሉ።

«ፈጣን ስለሆነ ነው።»

«ፈጣን መሆኑን አየሁ። ምን እንደተነሣ ነው ያላየሁት።»

የመጠየቂያውን ትእዛዝ አሳየኋቸው፤ እሱን በአዲስ ገጽ ገለበጡት። ቅሬታቸው ግን አልወጣላቸውም። የኢንተርኔት ተሰዳዳቢዎቹን ክርክር ባነበብኩት መጠን፣ ዋናው ክርክራቸው እሳቸው ካሉት ብዙም አይርቅም ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ባኮ ወረድኩ። ኦቦ ሰላምታዬን ተቀበሉኝ፤ ኢንተለ ኮ አላሉኝም። ጭኜ ስጨርስ ጠራኋቸውና ሙቀት አንባቢውን ፊታቸው ገደልኩት። በአምስተኛው ሰከንድ ራሱ ተነሣ።

«ድገሚው» አሉ።

ደገምኩት። ተነሣ።

«አሁንም።»

ሦስተኛውን ካዩ በኋላ ባዶ ሳጥን ስበው ተቀመጡ። «ይሄ ቀድሞ ቢኖር ኖሮ ያ ደብዳቤ ይጻፍ ነበር?»

«አይጻፍም ነበር። ያ ዓረፍተ ነገር የእኔ ነው፣ ኦቦ። ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

«ዓረፍተ ነገሩ ላይ ስሜ አለ?»

«የለም።»

«ስሜን ብትጽፊው ይሻል ነበር» አሉ። «ስሜን ልትጽፊ ብትይ ኖሮ መጀመሪያ እኔን ትጠይቂ ነበር።»

ከዚያ ያየሁትን ሁሉ ለኃላፊዬ እንድጽፍ አዘዙኝ፤ እዚያው፣ ሳጥናቸው ላይ፣ እሳቸው እያዩ። ስማቸውን ጻፍኩ። ጥፋቱ ፕሮግራሙን የሚከታተል ባለመኖሩ መሆኑን፣ መከታተያውን መግጠም የእኔ ሥራ እንደነበረ ጻፍኩ። አነበብኩላቸው፤ አንድ ቦታ አስቀየሩኝ። አዲስ ማስረጃ ተብሎ ቀረበ። ማስጠንቀቂያው ከፋይላቸው ወጣ፤ መውጣቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ደግሞ በፋይላቸው ተቀመጠ። ዓመት ሳይሞላ ጡረታ ወጥተው እዚያው ባኮ በቆሎ ማልማት ጀመሩ። አንድ ጊዜ በዚያ ሳልፍ መንገድ ዳር አግኝቼያቸው እሸት አሸክመውኛል።

የአምቦው ኮምፒውተር ተራ ሲደርስ ኃላፊው ወደ ሌላ ዞን ተዛወሩ። አዲሱ ኃላፊ ወጥነት የሚለውን ነገር አንሥተው አያውቁም፤ ስለዚህ ኡቡንቱው እንዳለ ቀረ። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ መዝገቦቹ ለየወረዳው ተሰጡ። መዝገብ ያዥዋም ከመዝገቡ ጋር አብረው ወደ ወረዳው ተዛወሩ፤ ሁለት አዳዲስ ሠራተኞች ከእሳቸው ሥር ሆነው ይማሩ ነበር። ልሰናበት ሸነን የሄድኩ ቀን እሳቸው ለሁለቱ ስለ መከተልና ስለ መፈለግ ሲያስረዱ ደረስኩ። እስኪጨርሱ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። አንደኛዋ የገባት መሰለኝ፤ ሌላኛው ግን ቁጥሩ የት አለ እያለ ይጠይቅ ነበር።